እንጦጦን በእግራችን ለምንወጣው ሰዎችም መንገድ ይሠራልን

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

እንጦጦ በጋዜጣም ሆነ በቴሌቪዥን ሲነሳ ወሬው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ፓርኩ፣ ካፌው፣ የፈረስ ግልቢያው፣ ከላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየቱ። መጥፎ ወሬ አይደለም። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ግን ተራራው ጫፍ ላይ ስላለው ነገር ይህን ያህል ሲወራ፣ ሰው እዚያ በእግሩ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚጠይቅ አላየሁም። መኪና ያለው በመኪናው ይወጣል። የሌለው ታክሲ ይጠብቃል። በእግሩ የሚወጣው ደግሞ፣ ቁጥሩ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ አስፋልት ዳር ተጠግቶ መኪና እየሸሸ ነው የሚወጣው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚህ ጉዳይ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በእግር የሚወጣው ማነው ብትሉ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሽሮ ሜዳ ቆማችሁ ብታዩ ትረዱታላችሁ። ነጠላ ያጣፉ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካን የያዙ ጸበል የሚሄዱ እናቶች አሉ። ቱታ የለበሱ ሯጮች አሉ። ከላይ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው የሚወርዱ አሉ፤ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች፣ ከነአህዮቻቸው ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን የሰፈር ልጆች በቡድን ሆነው ይጨመራሉ፤ አንዳንዱ ለስፖርት፣ አንዳንዱ እንዲሁ አየር ለመቀበል። ዶክተር “በእግርህ ሂድ” ያለው የስኳርና የደም ግፊት ታማሚም አለ። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚገናኘው።

ተራራውን ለማታውቁት ትንሽ ልናገር። እንጦጦ አዲስ አበባን ከሰሜን በኩል የከለለ ረጅም ጀርባ ነው። ከፍታው ከባህር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ከተማዋ ራሷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ከታች ሲያዩት ያን ያህል አይመስልም። መውጣት ሲጀመር ግን ይለያል። 3,000 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳችሁ፣ ጤነኛና ጎበዝ ሆኖ ሳለ፣ ዳገቱ መሃል ቆሞ “ቆይ እስኪ አንዴ” የሚላችሁ። አትሳቁበት፣ አትቸኩሉበትም።

ከደቡብ በኩል፣ ማለትም ከከተማው በኩል፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ከሰሜን፣ ከሱሉልታ በኩል ግን ረጋ ያለ ነው፤ ሜዳው ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ውሃውም እንደዚሁ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ከተማው የሚወርደው ቀበናን፣ ግንፍሌንና ቀጨኔን እየሞላ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ደግሞ በሙገር አድርጎ አባይን ይቀላቀላል። እላይ ቆሞ አንድ ዝናብ በአንድ በኩል ወደ አፋር በረሃ፣ በሌላ በኩል ወደ ሱዳንና ግብጽ እንደሚሄድ ማሰብ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። ይህን የሚናገር አንድ ሰሌዳ እንኳ የውሃው መለያያ ላይ ቢተከል ምን ነበረበት?

በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከላይ ሆኖ የሚታየው አገር ሰፊ ነው። በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። አሁን አሁን የከተማው ጭስና አቧራ ስለበዛ ዝቋላን ለማየት ጠዋት በጊዜ መውጣት ይሻላል።

ወደ መንገዶቹ ልምጣ።

ዋናው መንገድ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል አልፎ፣ ሽሮ ሜዳን ሰንጥቆ፣ እየተጠማዘዘ እስከ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ገበያው ጋ ስትደርሱ ዳገቱ ገና እየጀመረ ነው። እስከዚያ ድረስ የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር አለ፤ ሸማና ቀሚስ ተሰቅሎበት፣ ዕቃ ተደርድሮበት ቢሆንም አለ። ሱቆቹ ካለቁ በኋላ ግን የሚሄደው ሰው ከአስፋልቱና ከቦዩ መሃል ያለችውን ጠባብ ቦታ ይዞ ነው የሚወጣው። ኩርባዎቹ ጠባብ ናቸው። ከላይ የሚወርድ መኪና ኩርባውን ሲያጥፍ ከታች የሚወጣውን ሰው የሚያየው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከኋላ ደግሞ ሚኒባሱ ዳገቱ ስለከበደው ጭሱን ለቅቆ ያልፋል። አስቡት፣ ንጹህ አየር ፍለጋ የወጣ ሰው ያንን ጭስ በሙሉ ሳንባው እየሳበ ነው የሚወጣው። ጀርባዋ ላይ ሰፊ ሸክም ያለባት ሴት ደግሞ ከዚያች ጠባብ ቦታ ግማሽ አካሏ አስፋልቱ ላይ ነው የሚውለው፤ የሸክሙ ጫፍ ጫፍ ከመኪናው መስታወት ጋር ሊገናኝ ትንሽ ይቀረዋል። ይህን ያየ ሰው ችላ ማለት አይችልም።

ስለዚህ እግረኛው የራሱን መፍትሔ አበጅቷል። አቋራጩ። ኩርባዎቹን የሚቆርጡ፣ በባህር ዛፉ መሃል ቀጥ ብለው የሚወጡ የእግር መንገዶች አሉ። ማን እንደጀመራቸው አይታወቅም። ዕድሜያቸው ግን ከአስፋልቱ የሚበልጥ ይመስለኛል። እኔ ብዙውን ጊዜ የምወጣው በእነዚህ ነው። ጥላ አላቸው፣ ጸጥ ያሉ ናቸው፣ የባህር ዛፉ ሽታ ልብ ያድሳል። በበጋ ከአስፋልቱ በብዙ እጥፍ ይሻላሉ። በክረምት ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በጉራራ በኩል የሚወጣው ነው። ይሄኛውን የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎችና ሯጮች ናቸው። የቀበና ወንዝ ወደሚነሳበት አቅጣጫ ነው የሚወስደው። መኪና የለም ማለት ይቻላል። ለእኔ ከሁሉም ቆንጆው ይሄ ነው። የአካባቢው ሰው ካልመራው ግን እንግዳ የሆነ ሰው መንገዱን ይስታል፤ መንታ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው እረኛ መፈለግ አለበት።

በስተምዕራብ ደግሞ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ። ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው፣ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የተቋቋመ ቦታ ነው። እንጦጦን ከነአገር በቀል ዛፉ ማየት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው። በምሥራቅ ጫፍ፣ በየካ በኩል፣ ከአለት ወደተፈለፈለው ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም። ከሱሉልታ በኩል ያለው ደግሞ ለስላሳ ዳገት ነው፤ ልጆችና አረጋውያን ይዞ ለመሄድ ከእሱ የተሻለ የለም።

አያችሁ፣ መንገድ ሞልቷል። የጠፋው መንገዱን መንገድ ነው ብሎ የሚያውቀው አካል ነው። ካርታ ላይ የለም፣ ምልክት የለውም፣ የሚጠግነው የለም። አጥር የሚያጥረውም ሆነ አዲስ ግንባታ የሚጀምረው ሰው የእግር መንገድ እየዘጋ መሆኑን ላያስተውል ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያሳየው ወረቀት የለም። እግረኛው አንድ ቀን ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ዞሮ አስፋልት ይገባል። በቃ፣ እንዲህ ነው መንገድ የሚጠፋው።

እንጦጦ ደግሞ ከጥንትም የእግረኛ ተራራ ነው። አፄ ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ላይ ሲያደርጉ፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲነግሡ፣ መኳንንቱ በበቅሎ፣ ሠራዊቱና ሕዝቡ በእግሩ ነው የወጣው። ከላይ ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ፣ ማገዶውም ስላለቀ፣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላም ቢሆን በላይና በታች መካከል መመላለሱ አልቆመም። ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለእንጨቱም ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ዛሬ ማርያም ጓሮ ያለውን የምኒልክን የጭቃ ቤተ መንግሥት በመኪና ደርሰው የሚያዩ ጎብኚዎች፣ ያ ቤት ለምን እዚያ ላይ እንደተሠራ የሚገባቸው በእግራቸው ሲወጡ ነው። ዙሪያውን ሁሉ የሚያይ፣ ጠላት በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ መሆኑን ጉልበት ነው የሚያስረዳው።

አሁን ስለ እንጨት ተሸካሚዎቹ በሰፊው ላውራ። የዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት እነሱ ናቸው።

የባህር ዛፍ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1880ዎቹ ከተማዋ የሚነድ እንጨት አጥታ ስትጨነቅ ከአውስትራሊያ የሆነው ባህር ዛፍ መጣ፤ ቶሎ አደገ፣ ተራራውንም ሸፈነው። አዲስ አበባ ቦታዋን ሳትለቅ እንድትቀር ያደረገው እሱ ነው ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ያ እንጨት ከተራራው ወደ ምድጃው የወረደው በማን ጀርባ ነው? በሴቶች ጀርባ። ሦስት ትውልድ፣ አራት ትውልድ የሴት ጀርባ። 30 እና 40 ኪሎ የሚመዝን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ሸክም፣ ከራሷ ቁመት የሚሰፋ እስር፣ በገመድ ትከሻዋ ላይ ተጠልፎ። ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው፤ የምታየው እግሯ ሥር ያለውን መሬት ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ ኩርባው ላይ መኪና የሚመጣባት።

ዛሬ በከተማው ጋዝና ኤሌክትሪክ አለ፣ ግን ኑሮው እየተወደደ እንጀራ በቅጠል የሚጋግር ቤት አሁንም ብዙ ነው። ስለዚህ ሸክሙም አለ። ቁጥራቸው የቀነሰ ይመስለኛል። አንዳንዶቹ ከሸክም ወጥተው ሽመና ተምረው ፎጣና ሻርፕ እየሠሩ መኖር ችለዋል፣ ተባረኩ። ሁሉም ግን አልወጡም። እስኪወጡ ድረስ ደግሞ መንገድ ያስፈልጋቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሸክም ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። የከበደ ሸክም በጀርባህ ካለ ትልቁ ችግር መሄዱ አይደለም፤ አርፎ መነሳቱ ነው። መሬት ካስቀመጥከው ብቻህን አታነሳውም። ሰው መጥራት አለብህ፣ ሰው ከሌለ ቁጭ ብለህ ገመዱን ትከሻህ ላይ አድርገህ እየተንገዳገድክ ትነሳለህ፤ ወገብ የሚሰበረው ያኔ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች የሚያርፉት መሬት ላይ አይደለም። ከወገብ ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም የመንገድ ዳር ግንብ ይፈልጋሉ፤ ጀርባቸውን አዙረው ሸክሙን እላዩ ላይ ያስደግፋሉ፣ ገመዱ ይላላል፣ ቀና ብለው ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ወደፊት አንድ እርምጃ ሲሉ ሸክሙ መልሶ ጀርባቸው ላይ ነው። ማንም አላነሳላቸውም። እነዚያ ድንጋዮች የት የት እንዳሉ ሁሉም ያውቃሉ። ከዓመታት ድግፊያ ለስልሰዋል።

እና እባካችሁ፣ ለዚህ ስንት ብር ይወጣል? በየተወሰነ ርቀት ከወገብ ከፍ ያለ፣ ከላይ ሰፋ ያለ የድንጋይ ግንብ። የአንድ ግንበኛ ሥራ ነው። ድንጋዩ እዚያው ተራራው ላይ አለ። ለመናፈሻ ወንበር ሲሠራ ለሸክም ማሳረፊያ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ሯጩም ይለጠጥበታል፣ አዛውንቱም ይደገፍበታል። እስካሁን ያልተሠራው ዲዛይን የሚያወጣው ሰው ሸክም ይዞ ስለማይወጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ዲዛይን ከመውጣቱ በፊት እነሱን መጠየቅ ነው። “እናቴ፣ የት ጋ ነው የሚደክምሽ?” ብሎ መጠየቅ።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። አቋራጮቹ ቀጥ ብለው ስለሚወጡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገድ መሆናቸው ይቀርና ጅረት ይሆናሉ። ባህር ዛፍ ሥሩ ብዙ ሣር አያበቅልም፤ መሬቱ ራቁቱን ነው። ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ አፈሩን የሚይዘው ነገር የለም። ዝናቡ ሲመጣ የእግር መንገዱን ቦይ አድርጎ ይወርድበታል። በየዓመቱ ይጠልቃል። አንዳንዱ ቦታ አሁን ሰው ወገቡ ድረስ የሚገባበት ቦረቦር ሆኗል፤ ሰው ደግሞ ከእሱ ሸሽቶ ጎኑ ላይ አዲስ መንገድ ያወጣል፣ በዓመቱ እሱም ይፈርሳል። ያ ሁሉ አፈር የት እንደሚሄድ ከታች ያሉት ሰፈሮች ያውቁታል፤ ጎርፍ ሆኖ በየቦዩና በየወንዙ ይመጣባቸዋል።

ይህን ለማስቆም አዲስ ጥበብ አያስፈልግም። ገበሬው እርሻው ላይ የሚሠራውን ነው መሥራት። መንገዱን በየጥቂት እርምጃው አግድም በድንጋይ ማገድ፣ ውሃውን ወደ ጎን መቀልበስ፣ በጣም ቀጥ ያለው ላይ የድንጋይ ደረጃ መደርደር፣ በጣም የተጎዳውን ዘግቶ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲይዘው መተው። እርከን በመሥራት እኛን የሚያስተምር የለም፤ ኮንሶ ለዓለም አሳይቶታል። ሥራውንም ማን ይሥራ ከተባለ መልሱ አጠገባችን ነው። መንገዱን በየቀኑ የሚረግጡት ሴቶችና ሥራ ያጡ የሰፈር ወጣቶች። ተራራውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በደመወዝ የመንገድ ጠባቂ ቢሆኑ ከሸክም መውጫም ይሆናቸዋል።

“ሰው በበዛ ቁጥር ደኑ ይጎዳል” የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን አሁን ደኑን የሚጎዳው መንገድ ማጣቱ ነው። ሰው ምልክት ያለው፣ ደህና የተሠራ መንገድ ካገኘ ከዚያ አይወጣም፤ ዳገት ለሚወጣ ሰው ደረጃ እያለለት በቁጥቋጦ የሚገባበት ምክንያት የለም። መንገዶቹ ዳር ዳር ላይ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ቢተከሉ ደግሞ ቀስ በቀስ ተራራው ወደ ጥንት መልኩ ይመለሳል። የቤተ ክርስቲያኖቹን ግቢ ተመልከቱ፣ ጽዱ አሁንም እዚያ አለ። ባህር ዛፉ በአንዴ ይነቀል የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ሰው ያነደዋል፣ ይኖርበታል። ከመንገዱ ዳር መጀመር ግን ይቻላል።

ጸበልተኛውንም አንርሳ። እንጦጦ ማርያምና ኪዳነ ምህረት የሚሄዱት ሰዎች ብዙዎቹ ታማሚዎች ናቸው። ለጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት የሚፈጀው ዳገት ለእነሱ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ታክሲ ከፍለው የሚመላለሱበት ገንዘብ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በእግር መሄዱን ራሱን እንደ ጸሎት ስለሚቆጥሩት ታክሲ አይፈልጉም። ለየካቲት ኪዳነ ምህረት፣ ወይም መስከረም 1 ቀን ለእንጦጦ ራጉኤል ክብረ በዓል መንገዱን እዩት። አዲስ ዓመት ነው፣ አደይ አበባው ፈክቷል፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይወጣል። መኪናውም በዚያው ቀን ይበዛል። እናቶች ልጅ አዝለው፣ አረጋውያን ምርኩዝ ይዘው ከመኪና ጋር ይጋፋሉ። በእንደነዚህ ዓይነት ቀናት እንኳ ጠዋት ለተወሰነ ሰዓት መንገዱን ለእግረኛ ብቻ መተው አይቻልም? ለታላቁ ሩጫ መንገድ ይዘጋ የለ? ለዚህም ይቻላል።

ሯጮቹ ደግሞ የአገር ስም ያስጠሩ ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንጦጦ ላይ ይለማመድ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ ዛሬም ነገ ስማቸውን የምንሰማቸው ልጆች ከንጋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። የእነሱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በአስፋልት ላይ ያልቃል፤ የሚፈልጉት ለስላሳ አፈር ያለው የጫካ መንገድ ነው። ለእናቶቹ የሚሠራው መንገድ ለእነሱም ይሆናል።

ደህንነት የሚባለውን ጉዳይ ዘልዬው ማለፍ አልችልም። እንጦጦ ላይ ብቻውን በጫካ የሚሄድ ሰው ስልክና ገንዘብ የተቀማበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሽሮ ሜዳ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሴቶች እህቶቻችን ብቻቸውን ለመውጣት የሚፈሩት ለዚህ ነው፣ ፍርሃታቸውም ልክ ነው። ሳይነጋ የሚወጣ ሰው ጅብም ያጋጥመዋል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ሁለት ሜትር ፊት ያለው አይታይም፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ራሱ አቅጣጫ ይጠፋበታል። ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ምልክት ያለው መንገድ ላይ ግን ሰው ይበዛል፣ ሰው የበዛበት ቦታ ሌባ አይደፍርም። በየምልክቱ ላይ ቁጥር ቢጻፍበት ደግሞ አንድ ሰው እግሩ ቢታጠፍ “ቁጥር ይህ ጋ ነኝ” ብሎ መደወል ይችላል። አሁን “የት ነህ?” ሲባል “ባህር ዛፍ ሥር” ከማለት ሌላ ምን ይላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራችሁ ለመውጣት ላሰባችሁ አንባቢዎች ደግሞ እንዲህ ልበል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ስትወጣ ተነሱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ፤ ከታች ላብ በላብ ብትሆኑም ከላይ ያለው ንፋስ አጥንት ይበሳል። ውሃ ያዙ። መጀመሪያ ላይ አትፍጠኑ፤ ማውራት እስከቻላችሁ ድረስ ብቻ ሂዱ፣ ማውራት ሲያቅታችሁ ቁሙ። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን አማክሮ ይውጣ። እንጨት የተሸከመች እናት ስትመጣ ወደ ጎን ውጡላት፣ የተሻለውን መሬት ለእሷ ተዉ። እላይ ስትደርሱ ማርያም አካባቢ ትኩስ ሻይና ቆሎ አይጠፋም። ከዚያ የተራራውን ጀርባ ይዛችሁ ወደ ራጉኤል ብትሄዱ ያን ያህል ዳገት የለውም፤ ድካማችሁ እዚያ ይወጣል። ለመውረድ ሌላ መንገድ አትሞክሩ፣ ካላወቃችሁት። ቁልቁለቱ ነው ጉልበት የሚጎዳው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል ይባል ይሆናል። 1,300 ሄክታር ያህል ላይ ያን የመሰለ ፓርክ መሥራት የቻለች ከተማ ከሽሮ ሜዳ እስከ ማርያም አንድ የእግረኛ መንገድ መሥራት አያቅታትም። በከተማው መሃል በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ሲሠራ አይተናል፤ ሰው ሲንሸራሸርበት ደስ ይላል። ያው ሐሳብ ሽሮ ሜዳ ላይ ለምን ይቁም? ወደ ላይም ይቀጥል።

ከሁሉም በፊት የምንለምነው ግን አስፋልቱ ዳር ያለውን ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ኩርባዎቹ ላይ፣ እግረኛውን ከመኪናው የሚለይ መንገድ፣ ቢያንስ ሁለት ሸክም የያዙ ሰዎች የሚተላለፉበት ስፋት ያለው። ከዚያ አቋራጮቹ ይመዝገቡ፣ ካርታ ላይ ይግቡ፣ አጥር የሚያጥር ሁሉ የእግረኛ በር እንዲተው ይታዘዝ። ሦስተኛ የሸክም ማሳረፊያዎቹ። የቀረው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እናንተም የጋዜጣው ሰዎች አንድ ነገር ብታግዙን። ጋዜጠኛ ላኩ፣ ግን በመኪና አትላኩት። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላይ አውርዱትና በእግሩ ይውጣ፤ ከሚወርዱት እናቶች ጋር ያውራ፣ የሚያርፉባቸውን ድንጋዮች ፎቶ ያንሳ። አንባቢዎችም በጉራራ፣ በየካና በጉለሌ በኩል የምታውቋቸውን መንገዶች፣ የተዘጉትንም ጭምር፣ ለጋዜጣው ጻፉ። ተሰብስቦ በአንድ ገጽ ቢወጣ ለሚመለከተው አካል ይዘን የምንሄደው ወረቀት ይኖረናል። ይህ ከሚያዝያ በፊት ቢሆን ደግሞ ደረጃውና የውሃ መቀልበሻው ክረምት ሳይገባ ለመጀመር ጊዜ ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሽሮ ሜዳ ነዋሪ